የልጆቻችን ፊት የገበያ መሞከሪያ አይሁን
ስለ ከባድ ብጉርና ስለ መድኃኒቱ ለሐረር እኩዮቼ የቀረበ ማስጠንቀቂያ

በጁገል ግንብ ውስጥም ከግንቡ ውጭም የምትኖሩ፣ በአፎቻና በእድር የምንገናኝ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታ የምንለዋወጥ እኩዮቼ ሆይ፤ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሽማግሌ አፉን የሚከፍትበት የማይመስለው ሰው ይኖራል። ጉዳዩ የልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ብጉር ነው። ታገሡኝና እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ማስጠንቀቂያዬን አስቀድሜ ልናገር። ከባድ ብጉር የሐኪም ጉዳይ ነው። ችላ ካልነው ዕድሜ ልክ የሚኖር ጠባሳ ይተዋል። ከሱቅ በገዛነው ቅባት ልናክመው ከሞከርን ደግሞ ከብጉሩ የባሰ ጉዳት እናመጣለን። በእርግጥ የሚያድነው መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ከተወሰደ ገና ያልተወለደ ሕፃን እስከ ማበላሸት የሚደርስ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። ቸልታውም፣ ቅባቱም፣ ያለ ማዘዣ የሚመጣው ክኒንም ወደ ቤታችን የሚገቡት በእኛ በኩል ነው። ገንዘቡም ቃሉም በእኛ እጅ ነውና።

ብጉር ከ12 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ካሉት ወጣቶች ከመቶ 85 ያህሉን በተለያየ መጠን ይነካል። ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ በሰውነቱ ውስጥ የሚጨምረው ሆርሞን የቆዳን ወዝ ያበዛል፤ የወዙ መውጫ ቀዳዳ በሞተ ቆዳ ይደፈናል፤ በተደፈነው ውስጥ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ከዚያ ቆዳው ይቆጣል፣ ይቀላል፣ መግል ይቋጥራል። የብዙዎቹ ቀላል ነው፤ በጊዜው ይጠፋል። የጥቂቶቹ ግን ሥር ይሰዳል። ከቆዳ ሥር ሲዳሰስ የሚያም ጠንካራ እባጭ ይወጣል፤ እባጩ ከእባጭ ጋር ይያያዛል፤ ከፊት አልፎ ወደ ደረትና ጀርባ ይወርዳል። ሲድን ጉድጓድ ይተዋል። እንደ እኛ ባለው ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፤ በደረትና በትከሻ ላይ ኬሎይድ የሚባለው ጉብ ያለ ጠባሳ ሊበቅል ይችላል። ልጃችሁ ትራስ ላይ ፊቱን ማሳረፍ እስኪያቅተው ካመመው፣ ሸሚዙ ላይ የመግልና የደም ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ጉድጓድ መታየት ከጀመረ፣ የምትጠብቁት ነገር የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ያገራችን ሰው አባባል ለዚህም ይሠራል፤ ጠባሳ አንዴ ከወጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው መድኃኒት የለምና።

ለዚህ ልጅ የምንሰጠው መልስ ምንድን ነው? «ያልፋል» እንለዋለን። «ስታገባ ይለቅሃል» እንለዋለን። የባቢሌን ኦቾሎኒ አበዛህ ብለን እንቆጣዋለን። ፊትሽን ስለማትታጠቢ ነው ብለን ሴቷን በእንግዳ ፊት እናሳፍራታለን። ጋብቻ ብጉር አያድንም። ኦቾሎኒም ከባድ ብጉር አያመጣም። ከምግብ ስኳር የበዛበት ነገር በአንዳንድ ሰው ላይ ብጉርን ሊያባብስ ይችላል፤ ያም ቢሆን ሥር ለሰደደው ብጉር ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም። ፊትን በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል፤ አብዝቶ መፈተግ ቁስሉን ያባብሳል። ቅቤና የፀጉር ቅባት ግንባር ላይ ሲወርድ ግን በእርግጥ ቀዳዳን ይደፍናል፤ ይህን መጠንቀቅ መልካም ነው።

በነቀፋችን ውስጥ ያለው ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው። ልጁ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያምናል። ሰርግ ላይ አልሄድም ይላል፤ ፎቶ ሲነሡ ከኋላ ይሰወራል፤ ክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት ይተዋል። ከባድ ብጉር ያለባቸው ወጣቶች ለድብርት፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ለማጥፋት ሐሳብ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በልዩ ልዩ አገር በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ ልጆቻችን እንዲደብቁ የሚያደርጓቸው ግን የእኛው ቃላት ናቸው።

እኛ የሐረር ሰዎች የቆዳ በሽታን መደበቅ ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1901 የካፑቺን ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያስጠጉበት መንደር በዚህችው ከተማ አቋቁመዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በጀርመን የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበር ድጋፍ ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ የቢሲዲሞ ሆስፒታል ተሠራ። ብጉር ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከዚያ ታሪክ የማነሣው አንድ ነገር ነው። በሽታው ገና ቆዳ ላይ ነጠብጣብ ሳለ የመጣ ሕመምተኛ እጁና እግሩ ይተርፉለት ነበር፤ ቤተሰቡ ያፈረበትና የደበቀው ሲመጣ ግን ጣቶቹ አልቀው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥምር መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ እንኳ አካሉ ሳይጎድል መዳን የቻለው በጊዜ የታየው ነው። የሐረር ቤተሰብ ለዚያ በሽታ የከፈለውን ዋጋ ለብጉር ዳግመኛ አይክፈል።

ወደ ሁለተኛው አደጋ ልለፍ። ልጁ ከእኛ መፍትሔ ሲያጣ ወደ ገበያ ይወርዳል። በጊድር መጋላም፣ በሸዋ በርም፣ በየመንደሩ መዋቢያ ሱቅም «ፊት የሚያጠራ» የሚባል ቅባት አይጠፋም። ከዚህ ውስጥ በጅግጅጋ መንገድ ያለ ቀረጥና ያለ ቁጥጥር የሚገባ አለ፤ አንዳንዱ በማን እንደተሠራ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለልጁ ይገዛዋል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይመክረዋል።

በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የሚባል ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለብጉር ግን አይደለም። አሠራሩን ልብ በሉ። የቆዳን ቁጣ ያፍናልና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቱ ይጠራል፤ እናት ደስ ይላታል፤ ጎረቤትም ያንኑ ይገዛል። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጣሉ፤ በሴት ልጅ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ጥቃቅን ብጉሮች ፊቱን ሁሉ ይሞሉታል። ልጁ ቅባቱን ልተወው ሲል ፊቱ ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ስለዚህ ወደ ቅባቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ብጉሩን ከማከም በፊት ከቅባቱ ማላቀቅ የሐኪም ዋና ሥራ ይሆናል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊትና ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ልጃችሁ ለወራት ሲቀባው ከቆየ ዛሬውኑ ነጥቃችሁ አትጣሉበት፤ ቅባቱን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ እንዴት እንደሚያቆም እሱ ይነግረዋል።

ቆዳ በሚያነጡት ውስጥ ደግሞ ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ ይገኛሉ። ሃይድሮኪኖን ያለ ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊያነጣው የታሰበውን ፊት ሰማያዊ ቀለም ባለው የማይለቅ ጥቁረት ሊሸፍነው ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ የተቀባችው እናት ብትሆን ሕፃኗም ከጉዳቱ አይተርፍም። በዚህ ምክንያት ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው የቆዳ ማንጫዎች ከ2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ ወስኗል። ማሸጊያው ላይ ስሙ ስላልተጻፈ የለም ማለት አይደለም።

ቤት ውስጥ ስለምንሠራውም አንድ ቃል ልበል። እናቶቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩትን ቀሲል አልነቅፍም፤ ጤነኛ ፊት ያጸዳል። የተቆጣና መግል የያዘ እባጭ ላይ ግን ቀሲልም፣ እርድም አያድኑም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና የጥርስ ሳሙና ደግሞ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎው በእኛ ቆዳ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እባጩን በጥፍር ማፍረጥ ጠባሳን መጥራት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ደረጃ አለው። ለቀላሉ ብጉር ሐኪም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን የሚባሉትን ቅባቶች ያዛል። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ ለውጡ ለመታየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ወደ ስቴሮይዱ የሚሮጠው ይህን ስለማያውቅ ነው። ለመካከለኛው እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ ከቅባቱ ጋር ይጨመራል፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር በላይ አይሰጥም። አንቲባዮቲክን ለብቻው፣ ወይም የወንድምን ተረፈ ክኒን መዋጥ ተሕዋስያኑን መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል፤ ነገ ለሳንባ ምችና ለሌላ ሕመም የምንፈልገው መድኃኒት ሥራ ያቆማል። ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውሃ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው የሚዋጠው፤ ከወተትና ከብረት ክኒን ጋር አይወሰድም፤ ወጣቱ በፀሐይ እንዳይቃጠል መጠንቀቅ አለበት። ለነፍሰ ጡርም አይሆንም።

ይህ ሁሉ ላልመለሰው ከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን አለ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ጋሪ ፔክ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሌላ ሕክምና ያልሠራላቸውን 14 ሕመምተኞች በዚህ መድኃኒት ለአራት ወር ያከሙበትን ውጤት አሳተሙ፤ የ13ቱ ብጉር ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። በ1982 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ አኩቴን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። የወዝ ዕጢን ስለሚያሟሽሽ የብጉርን ሥር ይነካል፤ ከአንድ ዙር በኋላ ብዙዎች ለዓመታት ወይም ለዘለቄታው ይድናሉ። ይህን በረከት ለመካድ አልመጣሁም። ፊቱ በእባጭ የተሞላ ልጅ ካላችሁና ሐኪም ይህን ካዘዘለት፣ ፈርታችሁ አትከልክሉት።

ይሁን እንጂ መጠኑ በክብደት የሚሰላ ነው። በቀን ለአንድ ኪሎ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም፣ በጠቅላላው የሕክምና ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም ይሰጣል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ በወራት ውስጥ ከ6,000 እስከ 7,500 ሚሊግራም ይሆናል። ቁጥሩን የነገርኳችሁ ራሳችሁ እንድትለኩ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ የወሰደው ለእናንተ ልጅ እንደማይሆን እንድትረዱ ነው። ከመጀመሩ በፊትና በመካከሉ የጉበትና የደም ስብ ምርመራ ይደረጋል። ከንፈር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አፍንጫ ይደማል፤ ዓይን ይደርቃል፤ መገጣጠሚያ ያማል፤ በመጀመሪያው ወር ብጉሩ ሊብስም ይችላል። ይህን ያልተነገረው ልጅ ደንግጦ ያቋርጣል።

በእኛ ከተማ ኑሮ ውስጥ ሐኪሙ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው ጫት ነው። በሐረር ባሉ ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሄፓቶሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ጉበትን የሚፈትን መድኃኒት የሚወስድ ጎረምሳ የሚቅም ከሆነ ከሐኪሙ መደበቅ የለበትም፤ እኛም የምናውቀውን አንሸፍንለት። ሁለተኛው ጾም ነው። አይሶትሬቲኖይን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። በረመዳን ከኢፍጣር ጋር፣ በዐቢይ ጾም ዘይት ካለው የጾም ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላልና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ሦስተኛው የዓሣ ጉበት ዘይትና የቫይታሚን ኤ እንክብል ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ስለሆነ አብረው ሲወሰዱ ይመርዛሉ። ከዶክሲሳይክሊንና ከዘመዶቹ ጋርም ፈጽሞ አይወሰድም፤ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጨምራሉ። ከባድ ራስ ምታት ከዕይታ ብዥታ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ ቆሞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። መድኃኒቱ በራሱ ድብርት ያመጣል የሚለው በብዙ ጥናት አልጸናም፤ ቢሆንም ልጁ ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከተለየ ሳትዘገዩ ለሐኪሙ ንገሩት። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው እስኪጨርስና ከጨረሰም አንድ ወር እስኪሞላው ደም አይለግስም፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላልና።

አሁን ከሁሉ የከበደውን እናገራለሁ። ሴት ልጅ አይሶትሬቲኖይን እየወሰደች ካረገዘች፣ ጥቂት ቀን ብቻ የወሰደችው እንኳ ቢሆን፣ ፅንሱ አደጋ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከደረሰባቸው ሕፃናት መካከል ከመቶ 20 እስከ 35 የሚሆኑት በከባድ የአካል ጉድለት ይወለዳሉ፤ ጆሮ አልባ፣ ልባቸው የተበላሸ፣ አንጎላቸው ያልተስተካከለ ይሆናሉ። የሚጨነግፈውም ብዙ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መድኃኒቱ በልዩ መዝገብ ብቻ ይሰጣል፤ ማርገዝ የምትችል ሴት ከመጀመሯ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት አንሥቶ ከጨረሰች አንድ ወር እስኪያልፍ ከእርግዝና ትጠበቃለች።

ዓለም ይህን ጥንቃቄ የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በ1957 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ለእንቅልፍና ለማቅለሽለሽ ጉዳት የለውም ተብሎ ወጣ፤ በ1961 ከገበያ እስኪነሣ ድረስ እጅና እግር ያልበቀለላቸው ከ10,000 በላይ ሕፃናት በልዩ ልዩ አገር ተወለዱ። ያው መድኃኒት በኋላ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከባድ የቆዳ ቁጣ ፈውስ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬም በጥብቅ ጥበቃ ይሰጣል። ለአንዱ ያዳነው ለሌላው መቅሠፍት የሆነው በመድኃኒቱ ክፋት አይደለም፤ ጠባቂ ስላጣ ነው።

በእኛ ቤት ጠባቂው ማን ነው? የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃችንን ሐኪሙ ስለ እርግዝና ሲጠይቃት ተሰደብን ብለን የምንነሣ ብዙ ነን። ሐኪሙ ክብራችሁን አልነካም፤ መድኃኒቱ የሚያስገድደውን ጥያቄ ነው የጠየቀው። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ከሐኪሟ ጋር ለብቻዋ እንድትነጋገር ከክፍሉ ውጡላት። በእናንተ ፊት እውነቱን ካልተናገረች የሚጎዳው አካሏ ነው። ሰርጓ የቀረበ ልጅ ካለች ደግሞ ለሙሽርነት ፊቷ ይጥራ ብላችሁ ይህን ክኒን በድብቅ አትስጧት፤ ከሠርጉ በኋላ የሚመጣውን ፅንስ እያሰባችሁ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር አስሉ። ወንድ ልጅ ቢወስደው ለሚስቱ ፅንስ የሚታወቅ አደጋ የለውም፤ ነገር ግን ክኒኑን ለእኅቱ ማካፈሉ ወንጀል ያህል ነው።

በሻንጣ የሚመጣውንም ላስጠንቅቅ። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቶሮንቶ ዘመድ በፍቅር የሚልከው ክኒን አለ። ፍቅሩን እናመሰግናለን፤ ክኒኑ ግን የልጃችንን ክብደት፣ ጉበትና ማሕፀን አያውቅም። ማዘዣ የሌለው መድኃኒት ከማንም ይምጣ አይዋጥ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመድኃኒት ንግድን ቁጥጥር የደነገገው ለዚህ ነው። ሐሰተኛ ወይም አጠራጣሪ መድኃኒትና ቅባት ያየ ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መሥመር 8482 ይጠቁም።

ወዴት እንሂድ ለምትሉ፣ ሕይወት ፋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ጁገል ሆስፒታልም በደጃችን አለ። ከዚያ ጀምሩ፤ ጉዳዩ ከበድ ካለ ሪፈር ይጻፍላችሁ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በአገሪቱ የቆዳ ሕክምና ከሚታወቁት ማዕከሎች ዋናው ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ለሰርግ ድግስ የምናወጣውን የምናውቅ እኛው ነን፤ የአንድ ልጅን ፊት ለማዳን ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ማውጣት ይቻላል።

እኩዮቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። አባቶች፣ ልጃችሁን በብጉሩ አትንቀፉት፤ ራሳችሁ ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ። እናቶች፣ በቤታችሁ ያለውን የፊት ቅባት ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ማሸጊያውን አስነብቡ፤ ስቴሮይድ ያለበትን ለሐኪም አሳዩ። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ለገዛ ልጃችሁ የማትቀቡትን ለሰው ልጅ አትሽጡ፤ የምታተርፉት ሳንቲም በልጅ ቆዳ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ፋርማሲ ያላችሁ፣ ማዘዣ የሌለውን ደንበኛ መልሱት፤ ቢቀየምም ይቀየም። የአፎቻና የእድር ሹማምንት፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ለዚህ ጉዳይ ጊዜ ስጡ፤ የጤና ባለሙያ ጋብዛችሁ ለአባላት ይናገር። ኢማሞችና ካህናት፣ ከባድ ብጉር የኃጢአት ምልክት እንዳልሆነ ለወጣቶቻችን ንገሩልን።

ፈጣሪ ለልጆቻችን ጤና ይስጥ፤ ለእኛም የምናስብበት ልቡና ይስጠን። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።